የማን እጅ ነበር

ዶክተር ሴና ባፈና፣ ሔኖክን መጠርጠር የጀመረችው፣ የፕሮፌሰር ተናኘወርቅን ቢሮ አንኳኩታ ስትገባ ሁለቱም እኩል ዝም ያሉ ዕለት ነው። ፕሮፌሰሯ ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሔኖክ ቀና ብሎ አያት። ሁልጊዜ እሷን ሲያይ ፊቱ ላይ ቦግ የሚለው ብርሃን ያን ቀን አልነበረም፤ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ነበር ያያት። የመጣችበትን ተናግራ፣ መልሷን ተቀብላ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ ንግግሩ ከተቋረጠበት ሲቀጥል ሰማች።

ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ ነገሬም ባላለችው ነበር። ግን ከአባቷ ቀጥሎ በዚህች ከተማ የምታምናቸው ሁለት ሰዎች እነዚህ ነበሩ።

ፕሮፌሰር ተናኘወርቅ በማስተማሪያ ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ስማቸው ሲነሳ አንጋፋዎቹ ወንዶች ሳይቀሩ ወንበራቸው ላይ ቀና የሚሉላቸው ሴት ናቸው። ሴናን ያገኟት የስፔሻሊቲ ትምህርቷን በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። የአንድ አዛውንት ሆድ ስትሰፋ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ቆይተው ኖሮ፣ እንዲህ መስፋት ማን አስተማረሽ አሏት። አባቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፍራሽ ሰፊ መሆናቸውን፣ መርፌ የያዘችውም ፊደል ሳትቆጥር መሆኑን እያፈረች ነገረቻቸው። አልሳቁም። ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነሽ ብለዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በኦፕራሲዮን ጠረጴዛቸው ትይዩ የምትቆመው እሷ ነበረች። ያስተማሯት መቁረጥና መስፋት ብቻ አይደለም። ስብሰባ ላይ ንግግሯን ሲያቋርጧት ድምፅዋን ሳትጨምር እንዴት እንደምትቀጥል፣ ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ቁጭ ብላ እንጂ ቆማ እንዳታናግር፣ የለፋችበት ጥናት ላይ ስሟ እንዲገባ እንዴት አፍ አውጥታ እንደምትጠይቅ፣ ሁሉንም ያገኘችው ከሳቸው ነው። አንድ ነገር ደግሞ እስኪሰለቻት ይደጋግሙላት ነበር። የማይጠይቅ ሐኪም ስለት የያዘ ሰው ብቻ ነው ይሏታል።

ታዲያ በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የመጨረሻ ዓመቷን ስትጀምር፣ ፕሮፌሰሯ አንድም ምክንያት ሳይሰጡ ከጠረጴዛቸው አነሷት። ወደ ሌላ ቡድን መዛወሯን የሰማችው ስፔሻሊቲ ከሚማሩት ሐኪሞች፣ ከሬዚደንቶቹ አለቃ ነው። ቢሯቸው ብትሄድ፣ ከያዙት ወረቀት ቀና ሳይሉ፣ ከሌሎችም መማር አለብሽ አሏት። ብዙም ሳይቆይ በእሷ ቦታ ሔኖክ መቆም ጀመረ።

ሔኖክ ስፔሻሊቲውን ጨርሶ በኮንትራት የሚሠራ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ትልልቅ የጥድ ዛፎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ያደገ፣ አባቱ በሕይወት ሳሉ ስመ ጥር ሐኪም የነበሩ የደህና ቤት ልጅ። ከሴና ጋር የተዋደዱት በሥራ መሃል ነው። አንድ ቀን ከረጅም ኦፕራሲዮን ሲወጡ ጭምብሉ ጉንጮቿ ላይ የሠራውን ሰንበር አይቶ፣ ዛሬ መስታወት እንዳታዪ፣ ከሁሉ ቀን አምሮብሻል አላት። ይህን ለማለት ሁለት ጊዜ ተንተባትቧል። ሔኖክ እንዲህ ነው፤ ከልቡ የሆነ ነገር ሲናገር ምላሱ ይያዛል። የተዘጋጀበትን ንግግር ግን እንደ ውኃ ያወርደዋል። እወድሻለሁ ያላት ቀን ቃሉ ሲወጣ የፈጀበትን ጊዜ እያነሳች ስንት ጊዜ ስቃበታለች።

ለምን ከፕሮፌሰሯ ጠረጴዛ እንደተነሳች ስትጠይቀው ግን አልተንተባተበም። «ለአንቺም ይሻልሻል» አላት፤ ሌላ ወሬ ጀመረ። ለእሷ የሚሻለውን እሱ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያውቀው?

ጥቅምት ገብቶ በወርኃዊው ልደታ ቀን፣ ሔኖክ እናቱ ቤት ምሳ ጋበዛት። የሥራ ባልደረባዬ ናት ብሎ ነው ያስተዋወቃት፤ ይህም አልተዋጠላትም። እናቱ ወይዘሮ ወይንሀረግ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ እንግዳቸውን በዓይናቸው መዘኑ። መስተንግዷቸው እንከን አልነበረውም። እያጎረሱም ይጠይቋታል። አገሯ ወዴት እንደሆነ ጠየቋት፤ ቤተሰቦቿ ከወለጋ እንደመጡ ነገረቻቸው። አባቷ ምን እንደሚሠሩ ጠየቋት፤ ያንንም ነገረቻቸው። የት ደብር እንደምትስም ሲጠይቋት፣ ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት መሆኑን ተናገረች። ወይዘሮ ወይንሀረግ እንጀራውን እያጣጠፉ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሔኖክ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ከምሳ በኋላ ግን እሳቸው ሳያስቡት፣ ወይም አስበውበት፣ አንድ ነገር ጣል አደረጉ።

«ተናኘወርቅ እኮ የማኅበራችን ሰው ናት» አሉ። «ከአባቱም ጋር አብረው ሠርተዋል። ዘንድሮ የሚወጣውን የአስተማሪነት ቦታ ለሔኖክ እንደምትጨርስለት አውቃለሁ። የሰው ልጅ ዘመድ ካለው አይወድቅም።»

ሴና ሔኖክን አየችው። እሱ እናቱን አየ።

ያ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሴና ስትመረቅ እንደምትወዳደርበት ሔኖክ ያውቃል፤ ተወዳደሪ ብሎ ያደፋፈራትም እሱ ነው። ለባቡሩ መንገድ የተቆፈረውን አቧራማ ሜዳ ተሻግረው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲሸኛት፣ እናቱ ያሉት እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። እናቴ የምትመኘውን ነው የምታወራው አላት። ታዲያ በየጊዜው በር ዘግታችሁ የምታወሩት ምንድነው አለችው። ቆመ። የሚናገር መስሏት ጠበቀች። ከጎናቸው ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲደፋ ጆሮ ይሰነጥቅ ነበር። ጩኸቱ ሲያበቃ፣ በመልስ ፈንታ እጁን ወደ ትከሻዋ ሲዘረጋ ፈቀቅ አለች። ፈቀቅ ማለቷ እሷኑ አመማት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያ እጅ ሸሽታ አታውቅም ነበር።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የሚበላው አያጣም። ሴና ከዚያ በኋላ የምታየው ሁሉ አንድ ወሬ ብቻ ይነግራት ጀመር። ኮሪደር ላይ ፕሮፌሰሯና ሔኖክ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ቦርሳቸውን እሱ ሲይዝላቸው፣ ሻይ ቤት ስኳሩን እሱ ሲያማስልላቸው ታያለች። እንዴት ያለ አሽከርነት ነው ትላለች በሆዷ። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሷን ትርንጎን አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግኝታ፣ ፕሮፌሰሯ የሚሠሩበት የማክሰኞ ሥራ እንዴት ነው አለቻት፤ ነገሩን እንደ ዋዛ አስመስላ።

ትርንጎ ጫማዋን እያሰረች፣ ዛሬ ዛሬ ስለቱን የሚይዘው ሔኖክ ነው አለች። ትልቋ ፕሮፌሰር አጠገቡ ይቆማሉ፣ ያሳዩታል፣ እሱ ይሠራል። ከዚያ ቀና ብላ የሴናን ፊት ስታይ ንግግሯን አቋረጠችና፣ እኔ ምንም አላልኩም ብላ ወጣች።

እንግዲህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የእሷን ጠረጴዛ ወስደው፣ የእሷን ትምህርት ወስደው፣ ለዘመዳቸው ልጅ እጅ ማፍታቻ አደረጉት። የፍራሽ ሰፊ ልጅ እስከዚያው ድረስ ነው የምትፈለገው። እንዲህ እያሰበች ሔኖክ የሚልካቸውን የስልክ መልእክቶች ሳትመልስ ትከርም ጀመር። እሱም መላክ አልተወም። አንዳንዴ ከሩቅ ሲያያት ዓይኑ ይለምናል። ምን ብሎ እንደሚለምናት ግን ማወቅ አልቻለችም፤ ፍቅር ይሁን ይቅርታ ሊለይላት አልቻለም።

በዚህ መሃል የዙሃራ ጉዳይ መጣ።

ዙሃራ ከሴና አባት ሱቅ አጠገብ በርበሬና ቅመም የምትነግድ ሴት ናት። ሠፈሩን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰው የእሷ ድምፅ ነው፤ ደንበኛ ስትጠራ፣ ከተሸካሚ ጋር ስትከራከር፣ ስትስቅ ማዶ ድረስ ይሰማል። ሴናን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እያደገ መጥቶ ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። መቀደድን ትፈራ ነበር። ያሳመነቻት ሴና ናት። ምንም ብትጠረጥራቸውም በእጃቸው አትጠረጥርምና፣ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ይሠሩሻል፣ በአገሩ ከሳቸው በላይ ይህን የሚያውቅ የለም አለቻት። ፕሮፌሰሯም ዙሃራን አይተው፣ እኔ እሠራሻለሁ ብለው ቃል ሰጧት።

ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ሴና ወደ ሴት ሕሙማን ክፍል ወረደች። ዙሃራ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ቁስሏ ንጹህ ነው፣ ቀለሟም ደህና ነው። ሴናን ስታይ አፏን ከፈተች። የወጣው ነገር ድምፅ አልነበረም፤ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ ትንፋሽ ነበር።

«ድምፄን የት አደረጋችሁት?»

ሴና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከእንቅርቱ ሥር የሚያልፈው፣ ድምፅን የሚያዘው ቀጭን ነርቭ እንደተነካ ወዲያው ገባት። በዚያ ቦታ ላይ ፕሮፌሰሯ ለስንት ጊዜ እጇን ይዘው፣ እዚህ ትንፋሽሽን ያዢ ብለዋት እንደሚያውቁ አስታወሰች። ይህ የሳቸው ሥራ ሊሆን አይችልም።

ሔኖክን ደረጃው ላይ ጠብቃ አገኘችው። ዙሃራን ማን ሠራት አለችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሴና፣ እባክሽ ይሄን ጥያቄ ተዪው» አላት።

ከዚህ የበለጠ ማመን ይኖራል? ደረጃውን ወርዳ ሄደች። ልቧ ውስጥ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም። ሰውየውን አሁንም ትወደው ነበር፤ ያም ነበር ነገሩን የማይቻል ያደረገው።

ያን ሰሞን አባቷ አቶ ባፈና ምግብ አለመብላቷን አይተው ምን ሆነሻል አሏት። ስም ሳትጠራ ነገረቻቸው። አቶ ባፈና ወፍራሙን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰክተው፣ የጠረጠርሽውን ሰው ፊቱ ላይ ጠይቂው፣ ከኋላው ከጠየቅሽው ሐሜት ነው አሏት። አባቷ ለብቻሽ ጠይቂው ማለታቸው ይሆናል። ሴና የሰማችው ግን ሌላ ነው።

በወሩ መጨረሻ፣ በቀዶ ሕክምና የተጎዱ ሕሙማን ጉዳይ የሚነሳበት ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ለፊት አንጋፋዎቹ፣ ከኋላ ሬዚደንቶቹና ተማሪዎቹ ተቀምጠዋል። መድረኩን የሚመሩት የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሸዋንግዛው ናቸው። ተራ ደርሶ የዙሃራ ጉዳይ ቀረበ፤ አቅራቢው ሬዚደንት ምን እንደተሠራና ምን እንደደረሰ አነበበ። ዶክተር ሸዋንግዛው አስተያየት ያለው አለ ወይ ሲሉ ሴና እጇን አወጣች።

«ነርቩ አጠገብ ሲሠራ፣ መሣሪያውን የያዘው ማን ነበር?»

ዶክተር ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አወለቁ። እዚህ የሚጠየቀው ምን እንደተበላሸ ነው እንጂ ማን እንዳበላሸ አይደለም አሏት፤ ድምፃቸው የተቆጣ አባት ድምፅ ነበር።

«ይገባኛል» አለች ሴና። ድምፅዋን አልጨመረችም። «ሕመምተኛዋን ያመጣኋት ግን እኔ ነኝ። ማን እንደሚሠራት ተነግሯት ነው የፈረመችው። የሠራት ሌላ ሰው ከሆነ ልታውቅ ይገባታል።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ፕሮፌሰር ተናኘወርቅ ከፊት ረድፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታያት። ከጎናቸው ሔኖክ ተነሳ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ነርቩን ለይቼ ማየት ሲገባኝ አላየሁም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ፕሮፌሰር አይመለከታቸውም።»

ስንት ወር የጠረጠረችው ነገር ከገዛ አፉ ወጣ። ሴና ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ሲል ተሰማት። ያው መጨረሻው ይኸው ነው፣ አልተሳሳትኩም አለች በሆዷ። ከዚያ ሔኖክ ወደ ኋላ ዞሮ አያት፤ በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ልብ አለች። ቃሉ አንድ ቦታ እንኳ አልተያዘም፤ እንደተጠና ነገር ከዳር እስከ ዳር ፈሰሰ። ሔኖክ እውነት ሲናገር እንዲህ አይናገርም። ብድግ ያለው ነገር ተመልሶ ወደቀ፣ በቦታውም ፍርሃት ገባ።

«ተቀመጥ፣ ሔኖክ» አሉ ፕሮፌሰር ተናኘወርቅ።

ተነሱ። ወደ መድረኩ ሲሄዱ አካሄዳቸው እንደ ወትሮው ፈጣን አልነበረም። ማይክሮፎኑን አልፈለጉትም። ቀኝ እጃቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው ሁሉም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ብዙ አይደለም፤ ነፋስ የነካው ቅጠል ያህል ነው። ግን አያቆምም።

«መሣሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ። «በሽታው ከያዘኝ ሰንብቷል። ሐኪም አይቶኛል፣ ስሙም ታውቋል። ያወቀው ሔኖክ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። ይህ ዓመት እስኪያልቅ ብቻ፣ አስቸጋሪውን አንተ ሥራ፣ እኔ ልቁምልህ አልኩት። ይህም ትክክል አልነበረም። የዙሃራን ቀን ግን እኔ ልሥራ ሲለኝ እምቢ አልኩት። እኔን አምና ነው የመጣችው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ በገዛ እጄ መሥራት አማረኝ።»

ከዚያ ዓይናቸው ከኋላ ረድፍ ሴናን ፈልጎ አገኛት።

«ጥያቄው ትክክለኛ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ማንሳት የነበረብኝ፤ የተነሳው ግን ከተማሪዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኦፕራሲዮን አልሠራም። ዶክተር ሸዋንግዛው፣ የሚገባውን ያድርጉ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብበት ነገርም አልነበረም። ሰዎች ቀስ እያሉ ወጡ። ሔኖክ አጠገቧ ሲያልፍ አላያትም። ሴና ከመቀመጫዋ መነሳት አቃታት፤ እውነት ስትፈልግ ሰነበተች፣ አሁን አግኝታው የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሯ አስጠሯት። ቢሯቸው ውስጥ መጻሕፍቱ እንዳሉ ናቸው፤ ሴትዮዋ ግን ከመጻሕፍቱ መሃል ያነሱ መሰሏት። ተቀመጪ አሏት። አልተቀመጠችም።

«ለምን እሱን?» አለች። «ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? ከጠረጴዛው ያነሱኝ ለዚህ ነው?»

«ሔኖክ ሲያይ ያዝናል። አንቺ ስታዪ ትጠይቂያለሽ» አሉ። «የፈራሁት አንቺን ነው፣ ልጄ። አስተማሪ ተማሪዋን መፍራት ስትጀምር ከሁለቱ አንዷ ተበላሽታለች ማለት ነው። አንቺ አልተበላሸሽም።»

ሴና እንባዋ መጣ። ከጠረጴዛው የተነሳችው በንቀት ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ ተከብራ መነሳቷ ግን ከንቀቱ የበለጠ አመማት።

«ነግረውኝ ቢሆን ዙሃራ ዛሬ ትናገር ነበር» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ስለ አስተማሪነቱ ቦታ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ለወይንሀረግ አንድም ቃል ገብተው አያውቁም፤ ቦታው በውድድር ነው፣ ከእንግዲህ ደግሞ በማንም ጉዳይ ድምፅ አይሰጡም። ከዚያ ተነስተው፣ ዙሃራ ጋ ልሄድ ነው፣ አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይ አሏት። ሄደች።

ፕሮፌሰሯ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯት። ነርቩ እንዳልተቆረጠ፣ እንደተጎዳ ብቻ፣ በወራት ውስጥ ድምፅዋ ሊመለስ እንደሚችል፣ ላይመለስም እንደሚችል አልደበቋትም። ዙሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማች። ሲጨርሱ በዚያ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ፣ ይቅር እንድል አሁን አትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ልዳን አለች። ፕሮፌሰሯ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እሺ ሲል ሴና ሰምታ አታውቅም።

ክፍሉ ሔኖክን ለተወሰኑ ወራት ከኦፕራሲዮን አገደው፤ ማወቁ ብቻ ሳይሆን ዝም ማለቱ ጥፋት ነው ተባለ። እሱም አልተከራከረም። ለአስተማሪነቱ ሳይወዳደር ቀረ። ሴና ልትፈልገው ብዙ ጊዜ ስልኳን አንስታ ታውቃለች። በስንት ሰው ፊት ያዋረደችው እሷ ናት። ስንት ወር የዋሻት ደግሞ እሱ ነው። ከሁለቱ ማን ቀድሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አልገባትም። ጠዋት ጠዋት የዙሃራ ሱቅ ጸጥ እንዳለ ሲከፈት ስታይ ደግሞ ሁሉም ይቅርታ ርካሽ ይመስላታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሔኖክ ራሱ መጣ። የአባቷን ሱቅ እስከዚያ ቀን ድረስ በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር፤ እየጠያየቀ ነው ያገኘው። አቶ ባፈና ጥጥ እየዘረገፉ ነበር። ስሙን ሲነግራቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ወንበር የለንም፣ እዚህ ላይ ተቀመጥ ብለው ያልተሰፋ ፍራሽ አሳዩት። ከዚያ ክር ልገዛ ብለው ወጡ። ክር እንዳልጨረሱ ሴና ታውቃለች።

እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ተባባሉ። ለእናቱ ስለ እሷ እንደነገራቸው አወራላት። የምወዳት ልጅ ናት እንጂ የሥራ ባልደረባዬ አይደለችም ማለቱን፣ ወይዘሮ ወይንሀረግ አልቅሰው በዚህ ቤት ይህ አይሆንም ማለታቸውን፣ እሱም ሻንጣውን ይዞ ሰንጋ ተራ አንድ ጓደኛው ጋ መግባቱን ነገራት። ይህን ሁሉ ሲል መሬት መሬት ያያል። ሴና ደስ ሊላት ሲገባ አለቀሰች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «አዳራሹ ውስጥ እኔ ነኝ ስትል ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን ደስ አለኝ። የምወደው ሰው ሲወድቅ፣ አልተሳሳትኩም ብሎ የሚደሰት ልብ ነው ያለኝ። ይሄን እያወቅህ ትፈልገኛለህ?»

ሔኖክ ከመሬቱ ቀና ብሎ አያት።

«ዙሃራ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ፣ እጃቸውን መንቀጥቀጡ ሲጀምራቸው አይቻለሁ» አላት። «እጄን ዘርግቼ እጃቸውን መያዝ እችል ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ አልያዝኩም። አንዲት ሴት ድምፅዋን ያጣችው እኔ ሰው እንዳይከፋው ስል ነው። አንቺስ ይሄን እያወቅሽ ትፈልጊኛለሽ?»

ጥጡ በሱቁ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የተወሰነው ሔኖክ ፀጉር ላይ፣ የተወሰነው እሷ ቀሚስ ላይ ያርፋል። መልሱ በአንድ ቀን የሚገኝ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ግን ከሁለት አንዳቸውም ተነስተው አልሄዱም፤ አቶ ባፈና ክሩን ይዘው ሲመለሱም እዚያው ነበሩ።